ቅዳሜ የማይመቸው ሽማግሌ

አገራችን ለየዕድሜው የሚወደደውን ነገር ደልድላ የጨረሰች አገር ናት። ልጅ ከረሜላ ይወዳል፤ ጎረምሳ ጎረምሲትን ይወዳል፤ ጎልማሳ ቦታና ካርታውን ይወዳል፤ ጡረተኛ ደግሞ ዜናና ማኅበር ይወዳል። ከዚህ ድልድል ወጥታችሁ በስተርጅና ሌላ ነገር የወደዳችሁ እንደሆነ፣ ጎረቤት «ምን ነካቸው?» ይላል፤ ሚስት ደግሞ የነካችሁን ስለምታውቅ ዝም ትላለች። እኔን የነካኝ የአውሮፓ አገሮች በየዓመቱ ግንቦት ላይ በቴሌቪዥን የሚፎካከሩበት የዘፈን ውድድር ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁና ጨርሱ።

ውድድሩ ሲቃረብ መቀመጫ አጣለሁ። ቁጭ ብድግ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ዲሹን አዙሮብኝ ይሆናል እያልኩ ቆርቆሮ ላይ እወጣለሁ፤ ደህናውን ዲሽ ነካክቼ አበላሽና ሠራተኛ እጠራለሁ። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ብልጭ ይላል። ሚስቴ «የምትዘፍነው አንተ ነህ እንዴ?» ትለኛለች። ብዘፍንማ አንዴ ዘፍኜ እገላገል ነበር።

እንዲህ ስቅበጠበጥ ነው የእህቴ ልጅ ዳዊት «ሽማግሌ ሁነኝ» ብሎ የመጣው። ዳዊት አባቱን በልጅነቱ ያጣ ነው፤ ከእናቱ ጋር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የወደዳት ልጅ ምሕረት፣ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠሩት የአቶ ኦይቻ ልጅ ናት። አባትየው ለሌላ ሰው የመጡ ሽማግሌዎችን እንደመለሱ ስለሰማ፣ ልጁ ፈርቶ ምግብ ትቷል። እሷን ካጣ እንደማይሆንለት ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጋቢያችንን ለብሰን ሦስት ሆነን ሄድን። መሪያችን የእድራችን ሊቀመንበር አቶ በላቸው ናቸው። ሦስተኛው ሰውዬ ሥራው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ማለት ብቻ ነው፤ ለሽምግልና እንዲህ ያለም ሰው ያስፈልጋል። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን፤ ተቀመጡ ተባልን። ከዚያ አቶ በላቸው ዳዊትን ማመስገን ጀመሩ። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ቁጣ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፣ በግ ነው። እስቲ አስቡት፤ በዚህ ከተማ ያለ ባል ሁሉ በሽማግሌ አፍ አንድ ቀን በግ ነበር።

አቶ ኦይቻ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና፣ «እንግዲህ ከቤተ ዘመድ እንማከርበት። ቅዳሜ ቀን ገበያ ላይ ነን፤ ቅዳሜ ማታ ተመለሱ» አሉ።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ልጅ የሚለምን ወገን ቀጠሮ አይመርጥም። በዝናብ ኑ ቢሉት በዝናብ፣ በጨለማ ኑ ቢሉት በጨለማ ይሄዳል። እኔም ይህን አላጣሁትም። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ቅዳሜ ማታ እንኳ አይመቸኝም» አልኩ።

አቶ በላቸው በጋቢያቸው ሥር ጭኔን ቆነጠጡኝ። ሦስተኛው ሰውዬ እንኳ «እውነት ነው» አላለም።

«ለቅሶ አለብዎት?» አሉ አቶ ኦይቻ።

«የለብኝም።»

«ሠርግ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ከልጃችን የሚበልጥ ምን ጉዳይ አለ?»

መዋሸት እችል ነበር። ሐኪም ቀጥሮኛል ብል ማን ይከራከረኛል? ነገር ግን የዳዊት ፊት ድቅን አለብኝና ላቤ መጣ፤ ውሸቱ ግን አልመጣ አለ። «የዘፈን ውድድር አለ» አልኩ። «በቴሌቪዥን።»

«እርስዎ ይዘፍናሉ?»

«አያለሁ።»

«ምኑ ነው እንዲህ የሚያጓጓው?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚህ የመጣሁበትን ረሳሁ። ከሁሉ የምወዳትን፣ ከአንዲት ትንሽ ደሴት አገር የመጣችውን ልጅ ነገርኳቸው፦ ዘፈኗ መሃል ላይ ማይኩ ጠፋባት፤ እሷ ሳታቆም ቀጠለች፤ ድምፅ የለም፣ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ሕዝቡ ግጥሙን ያውቀው ነበርና አዳራሹ ዘፈነላት። አኮርዲዮን የያዘውን ሽማግሌም ነገርኳቸው። ሌሎቹ በጭስና በእሳት መሃል ሲዘሉ፣ እሱ ከጎኑ ባዶ ወንበር አስቀምጦ ለሟች ሚስቱ ዘፈነና ሲጨርስ ባርኔጣውን ለወንበሩ አነሣ። ነጥብ ሲቆጠር ዘፋኞቹ ሶፋ ላይ ተደርድረው እንደሚጠብቁም አስረዳሁ። አንዱ ልጅ ነጥብ ሰጪው አገር ሁሉ ተጠርቶ አልቆ አንድም ነጥብ አላገኘም። ዜሮ። ተነሥቶ ይወጣል ስል፣ ያሸነፈችውን ልጅ እሽኮኮ አድርጎ ጨፈረ።

«እንዲህ!» ብዬ ተነሥቼ አሳየኋቸው። ጋቢዬ ወደቀ።

ከመጋረጃው ኋላ ሴቶች ሲስቁ ስሰማ ወደ ልቤ ተመለስኩ። ልጅ ልለምን በመጣሁበት ቤት ጨፈርኩ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ለዳዊት አዘንኩ። ጋቢዬን አንሥቼ ተቀመጥኩ።

አቶ ኦይቻ አልሳቁም። «እርስዎ መዋሸት አይችሉም» አሉኝ። «እንግዲያው ይንገሩኝ። የዚህ ልጅ ጉድለቱ ምንድን ነው?»

አቶ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ብናገር ልጁን አሳጣው ይሆናል፤ ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬም መልስ ነው።

«ያኮርፋል» አልኩ። «አይጮህም፣ አይሳደብም። ዝም ይላል። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ። እናቱን በዚህ አስለቅሷታል።»

«እሱንማ ልጅቱ ነግራናለች!» አለ ከውስጥ የምሕረት እናት ድምፅ።

«እሷ አውቃ ነው የወደደችው» አሉ አቶ ኦይቻ። «እኛ የጠበቅነው እናንተ ታውቁት እንደሆነ ነው። ነገ ሲያኮርፋት ሮጣ የምትመጣው እናንተ ዘንድ ነው። በግ ነው ብላችሁ ከወሰዳችኋት ያን ቀን ማን ያምናታል? የበፊቶቹም ሽማግሌዎች ይዘውልኝ የመጡት በግ ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ዘንድ ትመጣለች። እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ቀጠሮም ሳያስፈልግ እዚያው ፈቀዱልን። አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ሠርጉ በደህና አለፈ። ዘንድሮ በዘፈን ውድድሩ ፍጻሜ ዕለት፣ ገና ሊመሽ ሲል፣ ከቆርቆሮው ላይ ስወርድ በሩ ተንኳኳ። ምሕረት ናት፣ ብቻዋን።

«ጋሼ፣ አኩርፏል» አለችኝ።

ክው አልኩ። አስገብቼ አስቀመጥኳትና ቴሌቪዥኑን ልዘጋ ሄድኩ። አደራ አለብኛ።

«ኧረ አይዝጉት! በሱ እኮ ነው የተጣላነው። የማጣሪያው ቀን ኳስ ላይ ሊቀይረው ሲል ሪሞቱን ደበቅኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋኝ።»

«አንቺ ደግሞ ይህን ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የምታዪው?»

«ያን ለት መጋረጃው ኋላ ሆኜ ከሰማሁዎት ወዲህ ነዋ! የድሮዎቹን ሁሉ በስልኬ አይቼ ጨረስኩ። ባለ አኮርዲዮኑ ላይ በቃ ስቅስቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

ምን ልበላችሁ፤ ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ አብራኝ የምትቅበጠበጥ ሰው አገኘሁ። ከዚያ ግን ነገሩ ሲገባኝ ተጨነቅሁ። የጠቡ መነሻ እኔ፣ አስታራቂውም እኔ። ለአቶ በላቸው ደወልኩና ነገሩን ከነምክንያቱ አስረድቼ፣ «ለዳዊት ምን ብዬ ልንገረው?» አልኳቸው።

እንደዚያ ቀን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ» አሉኝ፣ «መዋሸት የሚማሩበት ጊዜ አሁን ነው።»