ዜና ማኅተመ ድንች፤ የመዝገብ ቤቱ አንበሳ ላኮረፈች እኅቱ የገና ካርድ እንደ ሠራ

በሃምሳ ሁለተኛው ዘመነ ዕድሜው፣ ቦርጭ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ጸጉር ከግንባር በተሰደደ በአራተኛው፣ ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ መዝገብ ቤት፣ ድል አድራጌ ወረፋ፣ አስፈሬ ፋይል፣ ስለ ፈጸመው ዐቢይ ገድል ይህ ተጻፈ። ጸሐፊውና ጀግናው በአንድ ሱሪ ውስጥ የሚኖሩ ናቸውና ምስክርነቱ የታመነ ነው።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። ዓምና በበዓል ማዕድ ላይ፣ ታላቅ እኅቱ ደክማ የጋገረችውን ኬክ «ለበር ማቆሚያ ይሆናል» ብሎ በሰው ፊት ስላወጀ፣ እርሷም ዓመት ሙሉ አኩርፋ፣ ስልኩን ሳታነሣ ኖራ፣ በመጨረሻ በሚስቱ በኩል ይህን አዋጅ ላከች፦ «ያ አፈ ሰፊ ወንድሜ በገዛ እጁ የሆነች ነገር ሠርቶ ካልላከልኝ ዘንድሮም ደጁን አልረግጥም! የሱቅ ካርድ ከሆነማ አይሞክራት!» እናት አባት ያለፉባቸው፣ ሁለት ብቻ የቀሩ ናቸውና፣ እርሷ ካልመጣች በዓሉ በዓል አይሆንም ነበር፤ ይህን ግን ጀግናው ለማንም አልተነፈሰም።

ወእምዝ ዘመተ። ሠራዊቱም ይህ ነበር፦ ድንች ሦስት፣ ቢላዋ አንድ፣ ስፖንጅ አንድ፣ ከቢሮ በክብር የተማረከ ሐምራዊ የማኅተም ቀለም አንድ ጠርሙስ፣ ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ሳትጠራ የዘመተች ድመት።

የመጀመሪያውን ድንች ለሁለት ሰንጥቆ፣ ኮከብ ነድፎ፣ ዙሪያውን ፍቆ፣ ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ቢጫነው፣ ድንቹ ውሃ ይዞ ነበርና፣ ኮከቡ መኪና የዳጠው ሸረሪት ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውን በጨርቅ አድርቆ የጥድ ዛፍ ቢቀርጽ፣ ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ ታተመ። ድመቷም ቀለሙን ረግጣ፣ ከጌታዋ ይልቅ ያማሩ ዐሥራ ስድስት ማኅተሞች ታጥቦ አጠገቡ በተቀመጠው አንሶላ ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ ከወጥ ቤት የሚስቱ አዋጅ ተነገረ፦ «ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ለእራት ያስቀመጥኩትን ድንች የፈጀኸው ሰውዬ፣ አንሶላውን ራስህ ታጥባታለህ! ሦስተኛውን ብትነካ ውርድ ከራሴ!»

ጀግናውም ሦስተኛውን ነካ። አንድ ጫፉ ቢያጥርም ኮከብ ወጣ፤ ሕዝቡም፣ ማለት ሚስቱና ድመቷ፣ አዩ።

የቀረው መጻፍ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያረቀቀች እጅ የምታውቀው አንድ መንገድ ነውና፣ ባለቤቷን ሳታማክር እንዲህ ጻፈች፦ «ለእትዬ፤ ባሉበት። ጉዳዩ፦ መልካም ገና ስለመመኘትና ኬክ ስለመስደቤ ይቅርታ ስለመጠየቅ። ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው፣ ዓምና በአፌ ምክንያት በደረሰው ችግር የተጸጸትኩ ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለባለቤቴ።» ፈርሞም ድንቹን በፊርማው ላይ አሳረፈ። ምን እንደ ጻፈ ያስተዋለው ሚስቱ ካርዱን አድርሳ ከተመለሰች በኋላ ነው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ደጅ ደጁን ሲያይ ሰነበተ።

በበዓሉ ቀን ደጁ ተንኳኳ። እኅቱ ካርዱን እንደ ጋሻ ከፊቷ ይዛ፣ ጎረቤት እስኪሰማ አወጀች፦ «ይሄን አንብቤ ስስቅ ጎኔን ነው ያመመኝ! አንተ ደነዝ፣ እኔ እትዬህ አለቃህ ነኝ? ‹ባሉበት› ይለኛል እንዴ! የት ልኑር ታዲያ? በል ዞር በልልኝ፣ ልግባ!»

ገባችም።

ነገሥታት በመድፍ አገር ያዙ፤ ይህ ጀግና ግን በአንድ ድንችና በአንድ ግልባጭ እኅቱን መለሰ። ከእርሱ በፊት እንዲህ ያለ አልተነሣም፤ ከእርሱም በኋላ አይነሣም፤ ቢነሣም የእርሱን ያህል ስለ ራሱ አያወራም።