ያለ ተረት አፉን የማይፈታው ሰው

እግዜር ሰፈር ሲሠራ፣ ቀጥ ያለ መልስ ከአፉ የማይወጣ አንድ ሰው ሳያስቀምጥ አያልፍም። «ማገዶ አለህ?» ስትሉት ከቀበሮና ከጅብ ይጀምራል፤ ማገዶ እንዳለው የምታውቁት ቀበሮዋ ሞታ ስትቀበር ነው። በሰባ ሰባቱ ረሀብ የአርማጭሆ ሰው ወደ ሱዳን ሲፈስ ይህም ሰው አብሮ ፈሰሰ፤ ከዶካ ከተማ ወዲያ በተተከለው መጠለያም ድንኳን ደረሰው። ስሙ አያ ጋረደው ነው። መጠለያው ግን «ደጃዝማች ተረት» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል።

የደጃዝማችነቱን ፍዳ የምትከፍለው ጎረቤቱ አሰፋች ናት፤ የሚለያቸው አንድ ሸራ ብቻ ነው። ዱራ የሚሉት የዕርዳታ ማሽላ ሲታደል «ወረፋው ያንተ ነው?» ብትለው፣ «ዝንጀሮም እንዳንች ቸኩላ ነበር» ይላል። ለቀብር በወጡበት እንኳ አያርፍም። ሁልጊዜ «ተረት ተረት» ይልና፣ ሰው «የላም በረት» ብሎ እስኪቀበለው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አሰፋችን የሚያንገሸግሻት ይሄ ነው። ላሞቿ ደጃፏ ላይ ሲያልቁ አይታለች፤ የምን በረት?

«ምናለ አንድ ቀን እንኳ በቀጥታ ብትናገር?» አለችው።

«ንግግር ልብ እሚገባው በተረት ነው፣ አንች! ሰውን ‹ተጠማን› ብትይው ሰምቶ ያልፋል። የተጠማውን ሰው ስሙን ብትነግሪው ግን ይቆምልሻል።»

በዚያው ሰሞን የውኃው ቦቴ ከመጠለያው በር ወዲህ ማለፍ ተወ። በበሩ በኩል ያሉት ይቀዳሉ፤ እነ አሰፋች ያሉበት የኋላ ረድፍ ሰው ግን ከኩሬ ጭቃ ያጠልላል። ትውከትና ተቅማጥ ገባ፣ ሬሳ በየማለዳው ይወጣ ጀመር። የአሰፋች ልጅ በላይነሽም ዓይኗ ጎደጎደ፤ ሲጠሯት ቶሎ አትመልስም። አሰፋች ውጭ ደርሳ በተመለሰች ቁጥር የደጇን ሸራ ለመግለጥ ትፈራለች።

የመጠለያው ሹም፣ ሙዲሩ፣ ሊመጣ ነው ተባለ። የኋላ ረድፍ ሰው ተሰብስቦ ተናጋሪ መረጠ፤ ደጃዝማች ተረት እያለ ማን ይመረጣል! አሰፋች ግን የልጇ ነፍስ በዚያ ለፍላፊ አፍ ላይ መንጠልጠሉ አስደነገጣት። መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ዛሬ ቀበሮ ብትል፣ ዝንጀሮ ብትል፣ ልጄን ገደልካት። ማልልኝ!»

አያ ጋረደው በጊዮርጊስ ማለላት።

ሙዲሩ ከመኪናው ወረደ። ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም፤ ወታደሮቹም ከኋላው ቆሙ። አስተርጓሚው አብዱልናስር «በል ቶሎ ተናገር፣ ይቸኩላል» አለ። አያ ጋረደው ተነሳ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ምርኩዙን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አሰፋች አየች፤ ያን ጊዜ ገባት። ይህ ሰው ፈሪ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከቀበሮና ከጅብ ኋላ ተደብቆ የኖረ ፈሪ። እሷ ደግሞ ዛሬ መደበቂያውን ነጠቀችው።

ሙዲሩ ፊቱን ወደ መኪናው መለሰ።

«ተረት ተረት!»

የጮኸችው ራሷ አሰፋች ናት። ወታደሮቹ ዞሩ። ልማድ ግን ፍርሃትን ቀደመና የኋላ ረድፍ ሰው በአንድ አፍ መለሰ፤

«የላም በረት!»

ሙዲሩ ቆመ፤ አብዱልናስርም ግራ እየገባው ተረጎመለት።

«ላም አላችሁ እንዴ?» ሲል ጠየቀ ሙዲሩ።

«ነበረችኝ» አለ አያ ጋረደው፤ ድምፁ ተከፈተ። «ቦራ እላት ነበር። ምንጩ ደርቆ ጭቃውን ስትልስ፣ እዚያው ተንበርክካ ቀረች። የዚች ሴት ልጅም ዛሬ ጭቃ እየጠጣች ነው። ስሟ በላይነሽ ነው። ውኃው በሩ ላይ ቆሟል፣ ጌታየ።»

ቀበሮ የለ፣ ዝንጀሮ የለ። ሙዲሩ መነጽሩን አወለቀ፤ ስለ ቦራ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀ፣ እሱም ከብት አርቢ ቤት ያደገ ነው መሰል። ከሰዓት በኋላ ቦቴው እየተንገጫገጨ ኋላ ረድፍ ደረሰ።

አሰፋች ለአያ ጋረደው በጣሳ ውኃ ወሰደችለት።

«እንዲህ ትፈራ ኖሯል?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። ‹የላም በረት› ሲሉኝ ብቻ፣ ሰው ከጎኔ ያለ ይመስለኛል።»

ሬሳው ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልቆመም። ልቅሶ በተሰማ ማለዳ ከሸራው ወዲያ አንድ የሚርበተበት ድምፅ «ተረት ተረት» ይላል። አሰፋች ዛሬም ታጉረመርማለች፤ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ግን ከጎኗ ካለው ምንጣፍ ላይ አንድ ቀጭን የልጅ ድምፅ ይቀድማታል።

«የላም በረት!»