ባዶ እጅ ወደ ኮረብታው

ሰው ያለ ጉዳይ ከቤቱ ተነሥቶ ኮረብታ አይወጣም ብሎ የሚያምን ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ብቸና ላይ ያደግሁት በእንዲህ ዓይነት ጎረቤቶች መካከል ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ችግሩ ደግነታቸው ነው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ለፋሲካ ዕረፍት በመጣሁ ማግስት፣ ጠዋት ከደጃችን ተነሥቼ ብቻዬን ወደ ኮረብታው አመራሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ከአጥራቸው ሥር ጠሩኝ።

“ወዴት ነሽ፣ ልጄ?”

“ትንሽ በእግሬ ልንሸራሸር ነው፣ እትዬ።”

“ደብቂኝ እንጂ! ላማችሁ ጠፍታ ነው አይደል?”

እንዳልጠፋች በትሕትና አስረዳሁ። ትሕትናዬ ግን እንደ ሐዘን ተቆጠረ። ጫፉ ላይ ደርሼ ዞር ስል፣ በእትዬ ጥሩ መሪነት ስድስት ሰዎች ገመድና ዱላ ይዘው ቁጥቋጦውን ያስሳሉ። ላማችን ታች ከደጃችን ታስራ ድርቆሿን ትበላለች።

ስመለስ እናቴ አፍራ ጠበቀችኝ።

“ነገም ከወጣሽ ቢያንስ ገመድ ያዢ። ሰው ምን ይለናል?”

እናቴን ማስቀየም አልወድም። ግን እስቲ አስቡት፤ ዛሬ ገመድ ከያዝሁ፣ ዕድሜ ልኬን ያልጠፋች ላም ስፈልግ መኖሬ አይደለም?

በማግስቱ ባዶ እጄን ወጣሁ። እትዬ ጥሩ አጥራቸው ሥር ቆመዋል።

“ዛሬስ ወዴት ነሽ?”

“ወደ ኮረብታው።”

“ምን ልታደርጊ?”

“ወጥቼ ልመለስ” አልኋቸውና መንገዴን ቀጠልሁ።