ሊቀ ኮፈን ምርመራ ላይ ናቸው

የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የለም። ካላመናችሁኝ ሞክሩት። ጭር ያለ መንገድ ፈልጉ፣ ግራ ቀኝ አይታችሁ ማንም አለመኖሩን አረጋግጡና ኮፈኑን ክፈቱት። ቀና ከማለታችሁ አንድ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን አስግጎ ሞተራችሁን ሲመለከት ታገኙታላችሁ። ከየት መጣ አይባልም። ሰላምታ የለውም። «ምን ሆነች?» ይላል፤ መልስ ግን አይጠብቅም፣ ምክንያቱም ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር የደረሰን ግን ተራው ሳይሆን የሁሉም አለቃ ነው። ክቡር ሊቀ ኮፈን እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ማለቴ ነው፣ ፊት ለፊትማ «ጋሼ» ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ቤት ቴምብር ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ ሰው ናቸው። መኪና የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም። መንጃ ፈቃድም የላቸውም። አንድ ቀን ደፍሬ ይህንን ባነሳባቸው፣ «ሐኪም የሚያክመውን በሽታ ሁሉ መታመም አለበት እንዴ?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

ምርመራቸው የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ያዘነብላሉ። የሚያወራ ካለ «እስቲ ዝም በሉ፣ እየነገረችኝ ነው!» ብለው ይቆጣሉ። መኪና ለእርሳቸው ሁልጊዜ ሴት ናት፣ ሁልጊዜም የተበደለች ናት። ቀጥሎ ያሸታሉ። ከዚያ አገጫቸውን አሸት አሸት አድርገው፣ «እኔን ስሙኝ፤ ይሄ ነገር ላዩን ሲያዩት ነው እንጂ ሥሩ ሌላ ነው» ይላሉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሰፈሩ በቃሉ ይዞታል። ቴርሞስታት ነው፤ እሱ ካልሆነ የውሃ ፓምፕ ነው፤ እሱም ካልሆነ፣ አያድርስ ነው፣ የሞተሩ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ነው። ጓርኒሲዮን ሲሉ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እሱ ከሆነ ሞተር ይወርዳላ።

አንድ ጊዜ ፋርማሲ ያላት ጎረቤታችን ኮፈን ከፍታ ስታጎነብስ ደረሱባት። አዳምጠው፣ አሽትተው፣ «ፓምፑ ነው፤ ስታለቅስ አትሰሚያትም?» አሉ። ለካስ የሚያለቅሰው ሞተሩ ሥር የተወሸቀ የድመት ግልገል ነው፤ ሴትዮዋም ኮፈን የከፈተችው እሱን ልታወጣ ነበር። ግልገሉ ወጥቶ እየሮጠ ሄደ። ሊቀ ኮፈን በዓይናቸው ሸኙትና፣ «ፓምፑ ግን ይታይ» አሉ። የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ልጨምር ብሎ የከፈተ ሌላ ጎረቤታችን ደግሞ በዚያው ቀን ሞተሩን ሊያስወርድ ጋራዥ ተገኝቷል።

ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ታናሽ እህቴ ከቢሮ ሥራዋ ጎን ለጎን በቤታችን ምድጃ ኬክ ትጋግራለች። ቢሮው እንደታከታት፣ የሌት የቀን ሕልሟ ኬክ ብቻ መሥራት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያልተሳካውን ሁሉ የምበላው እኔ ነኛ። በመጨረሻ አንድ የሠርግ አዳራሽ ባለቤት አመኗትና፣ «የዚህን ቅዳሜ ሠርግ ኬክ ሥሪ፤ ከተወደደ ከእንግዲህ የአዳራሹ ኬክ ሁሉ ያንቺ ነው» አሏት። ባለ ሦስት ፎቅ፣ አናቱ ላይ የክሬም ጽጌረዳ የተደረደረበት ኬክ ሠራች። የኋላውን ወንበር አጥፈን ጫንነው፤ እሷ አጠገቡ ተኮራምታ በሁለት እጇ ደገፈችው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኤሲውን እስከ ጥግ ከፍተን እንደ እንቁላል ተሸካሚ ቀስ እያልን ወጣን።

ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት መለኪያው ቀስት ተነሳ። ዳገቱን ስናጋምስ ቀዩ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለች እህቴ።

«ምንም አይደለም።»

«አንተ፣ ምንም አይደለም ስትል ነው የምፈራህ!»

ዳር ይዤ ቆምኩ። ኤሲው እንዲጠፋ እህቴ አልፈቀደችምና ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፈትኩ። ወላፈኑ ፊቴን ለበለበኝ። ራዲያተሩን ልከፍት እጄን ስሰድ ከኋላዬ፣ «ክዳኑን እንዳትነካ! ፊትህን ልትቀቅለው ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ሊቀ ኮፈን ናቸው፣ የገዙትን ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው። እውነቱን ለመናገር በዚህች ምክር ልክ ነበሩ።

«ምን ሆነች?»

«ሞቀች ጋሼ። ኬኩ ደግሞ...»

«እስቲ ዝም በል!» ጆሯቸውን አዘነበሉ። ቴርሞስታቱ ተጣብቋል አሉ። የላዩንም የታቹንም ቱቦ በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ ቢያደርጉ ሁለቱም ትኩስ ናቸው፤ ውሃው ይዞራል ማለት ነው። ፓምፑ ነው አሉ። የሚንጠባጠብ የለም፣ የውሃው ልክ አልጎደለም። ይሄኔ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ወደ ጭስ ማውጫው ዞረው የጓርኒሲዮን ምልክት የሆነውን ነጭ ጭስ ፈለጉ፤ አላገኙም። ቅር ያላቸው መሰለኝ።

«ጽጌረዳዎቹ መዝመም ጀመሩ!» ብላ እህቴ ከውስጥ ጮኸች።

«ኤሲውን አጥፋና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው» ብለው ፈረዱ ሊቀ ኮፈን። «የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስብልሃል፤ ቀስ እያልክ ትደርሳለህ።»

«ማሞቂያ?» እህቴ አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ጋሼ፣ ሠርጉ ላይ ሾርባ ላቅርብ?»

«ልጄ፣ ኬክ ነው ሞተር የሚበልጠው?»

«ዛሬ ኬክ!»

በሩን በርግዳ ወረደች። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ኬኩን እየመታው ስለነበር የሚጋርድ ነገር ፈለገች። «ካርቶን፣ ምንም ይሁን ካርቶን!» እያለች መንገዱን ዞረች፣ ቦዩን አየች። መኪናዋ ፊት ስትደርስ ጎንበስ አለችና፣ «ይኸው እዚህ አለ አይደል!» ብላ ከራዲያተሩ ፊት አንድ የታጠፈ ሰፊ ካርቶን መዝዛ አወጣች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ኬኩ ሮጠች። ከምን ላይ እንዳነሳችው ልብም አላለችው።

እኛ ግን ክው ብለን ቀረን። እስካሁን ካርቶኑ አየር ዘግቶበት በከንቱ ሲያጓራ የነበረው የራዲያተሩ ፋን አየር ሲስብ ተሰማ። ካርቶኑ ላይ የቴሌቪዥን ሥዕል አለ፤ በሰፈራችን በቅርቡ ቴሌቪዥን የገዙት ደግሞ ሊቀ ኮፈን ብቻ ናቸው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። በብርዱ ወራት ማለዳ ማለዳ ሞተሩ አልሞቅ ብሎ ሲያስቸግረኝ፣ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው፣ «ብርድ እንዳይመታት» ብለው ያንን ካርቶን ራዲያተሩ ፊት የሸጎጡልኝ እርሳቸው ነበሩ። ብርዱ አለፈ፣ ካርቶኑን እኔም እርሳቸውም ረሳነው።

«አላልኳችሁም?» እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም። ኩም ብለው ቆሙ። ቀስቱ ቀስ በቀስ ወረደ። እህቴ፣ «ጋሼ፣ ግቡና ይህን ይያዙልኝ!» ስትላቸው እሺ ብለው ገቡ። ዳቦውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ያንኑ ካርቶን መስኮቱ ላይ በሁለት እጃቸው እንደወጠሩ አዳራሹ ደረስን።

ኬኩ ደረሰ። ጽጌረዳዎቹ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለው ነበር፤ ሙሽራዋ «እንዴት ያለ አዲስ ስታይል ነው!» ብላ ፎቶ ስታስነሳቸው ዋለች። እህቴ ከቢሮ ለቀቀች። ዛሬ የአዳራሹ ኬክ ሁሉ የእሷ ነው፤ ደስታዋን ለማየት ያብቃችሁ።

ሊቀ ኮፈን ግን ቀሩብን። የፋርማሲዋ ጎረቤታችን ኮፈን ከፍታ ግማሽ ቀን ብትቆም «ምን ሆነች?» የሚላት አጣች። እኔን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። የእህቴን ሕልም ሊያጠፉ ጥቂት ቀርቷቸው እንደነበር እያሰቡ እንደሚብሰለሰሉ ገባኝና አንጀቴን በሉት። ለካስ ስንስቅባቸው የኖርነው ሰውዬ፣ ስንቸገር ብቻችንን እንዳንቆም የሚያደርጉን እርሳቸው ኖረዋል። ናፈቁኝ፤ ሌላ ቃል የለውም።

እሑድ ጠዋት መኪናዋን ገፍቼ ከቤታቸው ፊት ለፊት አቆምኳትና ኮፈኑን ሰፈሩ እስኪሰማ በኃይል ከፈትኩት። ወገቤን ይዤ «ወይ ጣጣ! ወይ ጣጣ!» እያልኩ ጮኽኩ። የመስኮታቸው መጋረጃ ተነቃነቀ። ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ራቅ ብለው ቆሙ።

«ምን ሆነች?» አሉ፣ ቀጠን ባለ ድምፅ።

«ሞቃብኛለች ጋሼ። መላው ጠፋኝ።»

ቀረብ አሉና መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ያልተነሳ ሞተር ነው፤ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዟል። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። እጃቸውን ከሞተሩ ላይ እንደተቃጠለ ሰው መንጭቀው አራገፉት።

«ኧረ ይቺማ እሳት ናት!» አሉ። «ምነው ቶሎ አልጠራኸኝም?»