የጋሽ ጉዞ ቢጫ ኮፍያዎች

ሰው አገር የሚያስተምሩ መምህራን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከተሰበሰቡ፣ ከመካከላቸው አንዱ ቅዳሜን የሚጠላ ሰው መሆኑ አይቀርም። የራሱን ቅዳሜ ማለቴ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ነው። እርስዎ ሳምንቱን ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ሲምጉ ሰንብተው፣ ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብስዎን እስከ አፍንጫዎ ስበው እፎይ ከማለትዎ በርዎ ይንኳኳል። ከበሩ ማዶ የቆመው ሰው ጫማውን ጠበቅ አድርጎ አስሯል፤ ውኃ በኮዳ ሞልቷል፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር የለም። አላጋጠመኝም የሚሉ ከሆነ ምናልባት ያ ሰው እርስዎ ነዎት።

የእኛው ክቡር የሽርሽር ሚኒስትር ጋሽ ጉዞ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው ለፌዝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። የሚያስተምሩት ጂኦግራፊ ነው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል፤ ጉልበታቸው ግን ገና ትናንት ከሱቅ የተገዛ ነው። እኔ የሒሳቡ፣ የኬሚስትሪ መምህሯ፣ የስፖርት መምህሩና ሌሎቹም ያገራቸው ልጆች፣ በሥራ ቀን ባልደረቦቻቸው ነን፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን ተማሪዎቻቸው እንሆናለን። ከሁላችንም ይበልጥ የሚያማርረው የስፖርት መምህሩ ነው። "እኔ የተማርኩት ሌላውን ሰው ለማስሮጥ ነው" ይላል፤ እውነቱን ነው።

"ሶፋ አገር አያሳይም" ይላሉ ጋሽ ጉዞ በሩን እየደበደቡ።

"ጋሼ፣ ዛሬስ አሞኛል።"

"ምንህን?"

"ወገቤን።"

"ወገብ የሚታመመው በመተኛት ነው፤ ተነስ።"

ሆዴን ካሏቸው ደግሞ ባዶ ሆድ ለመንገድ ይቀላል ይላሉ። አንድ ጊዜ የኬሚስትሪ መምህሯ ብልጥ ልሁን ብላ በሯን ቆልፋ ድምፅዋን አጠፋች። ጋሽ ጉዞ ከበሩ ሥር ቁጭ ብለው አህጉራት እንዴት እንደተፈጠሩ ከመጀመሪያው ጀምረው ያስረዷት ያዙ። አህጉራቱ ተለያይተው ሳያበቁ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

መንገድ አይጠይቁም። የጂኦግራፊ መምህር መንገድ ከጠየቀ፣ ቄስ "አባታችን ሆይ" ጠፋብኝ እንደማለት ነው ባይ ናቸው። ስለዚህ የደረስንበት ቦታ ሁሉ፣ መጀመሪያውኑ ልንሄድበት ያሰብነው ቦታ ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን "ጥንታዊ ተራራ" ላሳያችሁ ብለው ይዘውን ሄዱ። ሣር የለበሰች፣ ቅርጿ ያማረ ጉብታ ላይ ላባችን ጠብ እስኪል ወጣን። አናቷ ላይ ቆመው እሳተ ገሞራ እንዴት እንደወለዳት፣ ከሥሯስ ስለምን ሞቅ ያለ አየር እንደሚወጣ ሲተነትኑልን የጥበቃ ሠራተኛ እየሮጠ መጣ። ለካ የከተማው ቆሻሻ መድፊያ ናት፤ አፈር አልብሰው ሣር የተከሉባት። ጋሽ ጉዞ ሣሩን በጫማቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ "ታዲያ ቆሻሻስ ቢሆን ከምድር ውጭ ነው እንዴ?" ብለው ገለጻቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ጥበቃውም ሊያባርረን መምጣቱን ረስቶ ቁጭ ብሎ አዳመጠ።

ሌላ ቅዳሜ ሙዚየም ወሰዱን። ሙዚየሙ ለእድሳት ተዘግቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይመለሳል፤ ክቡርነታቸው ግን በሕንፃው ዙሪያ አሰልፈው በየመስኮቱ አስጎበኙን። ቤት ስንገባ እንደ ልማዳቸው ፈተና ነበር፤ ያለ ፈተና ሽርሽር ለእሳቸው ጨው የሌለው ምግብ ነው።

"ከኋለኛው መስኮት ምን ይታያል?" አሉኝ።

"ባልዲና መጥረጊያ።"

"ባልዲው እንዴት ነበር የተቀመጠው?"

"እሱን እንኳ ልብ አላልኩም፣ ጋሼ።"

ግማሽ ነጥብ ሰጡኝ። እኔ ክፍል ስገባ ዝንብ የማይጮህልኝ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ በዚያች በቀረችብኝ ግማሽ ነጥብ ግን እስከ ማክሰኞ ከፍቶኝ ሰነበተ።

በአንድ ነገር ብቻ ቀልድ አያውቁም፤ በቆጠራ። ማስተማር ከጀመሩ አንስቶ ስንቱን ልጅ ወንዝ አሻግረው፣ ጫካ አቋርጠው፣ ይዘውት የወጡትን ሁሉ ለየእናቱ አስረክበዋል። "ሌላው ይቅር፤ እኔ ሰው አይጠፋብኝም" ይላሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ማንም አይስቅባቸውም። የቆጠራው ዘዴ የራሳቸው ፈጠራ ነው። ለሁላችንም ደማቅ ቢጫ ኮፍያ አድለውናል። አሰልፈው ከኋላችን እየተራመዱ ኮፍያ ይቆጥራሉ እንጂ ፊት አያዩም። ለምን ቢሏቸው "ፊት ያየ መምህር ይራራል፤ የደከመውን አይቶ ሰልፉን ያፈርሳል" የሚል መልስ አላቸው።

ሐይቅ ዳር የሄድን ቅዳሜ ይህ ዘዴ ጉድ ሠራቸው። እሳቸው የሐይቁን ዳርቻ በእርምጃ ሲለኩ እኔ ሹልክ ብዬ ዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር አገኘሁ። አንድ የአገሩ ሰው የሆኑ አዛውንት ብቻቸውን ተቀምጠውበታል። ቋንቋ ስለማንግባባ ራሳችንን ነቅንቀን ሰላም ተባባልን። ኮፍያዬን አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና ከጀርባው ሣሩ ላይ ጋደም አልኩ። ለአንድ አፍታ ነበር ያሰብኩት፤ የሳምንቱ እንቅልፍ ግን ተጠራርቶ መጣብኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ከሌሎቹ ነው የሰማሁት። ፀሐይዋ ዞራ ፊታቸው ላይ ስታርፍ አዛውንቱ ኮፍያዬን አንስተው ደፉት። ወዲያው ጋሽ ጉዞ ፊሽካቸውን ነፍተው፣ አጨብጭበው፣ "ወደ ሰልፍ" አሉ። አዛውንቱ ግራ ቀኙን አዩ። ቢጫ ኮፍያ የደፋው ሁሉ ይሰለፋል። እሳቸውም ተነስተው ተሰለፉ። ጋሽ ጉዞ ከኋላ ከኋላ ቆጠሩ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። አውቶቡሱ ሄደ። የኬሚስትሪ መምህሯ አብራቸው ነበር የተቀመጠችው። "አንተ ከኋላ ወንበር የተኛህ መስሎን፣ እሳቸውም የጋሽ ጉዞ እንግዳ መስለውን፣ እንቁላል ሁሉ ልጬ አበላኋቸው" አለችኝ በኋላ። እንቁላሉ የእኔ ነበር። የስፖርት መምህሩ እንደሆነ መኪና ሲንቀሳቀስ ነው የሚተኛው።

ስነቃ ሐይቁ አለ፤ ሌላ ማንም የለም። ጎመን የጫነ ሹፌር አዝኖልኝ ከጎመኑ ላይ ሰቀለኝ። መንገዱን ሙሉ ለጋሽ ጉዞ የምናገረውን ስደረድር መጣሁ፤ ቃላቱ እዚህ አይጻፉም። አመሻሹ ላይ ቅጠል በቅጠል ሆኜ የጋራ ሳሎናችን ስገባ፣ አዛውንቱ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ኮፍያዬን እንደደፉ፣ ይፈተናሉ። ጋሽ ጉዞ ሰውዬው እንግዳ መሆናቸውን ያወቁት ፈተናው ሲጀመር ነው። "የመጣ ይፈተናል" ብለው አለፉት። ሰው ተጨምሮ ቁጥሩ ካልተለወጠ የጎደለ ሰው አለ ማለት ነው፤ ይህን ስሌት የሚሠራላቸው የሒሳብ መምህር ደግሞ ጎመን ላይ ነበር። ጋሽ ጉዞ የወንዝ ስም ይጠራሉ፤ አዛውንቱ ካርታው ላይ በጣታቸው ይጠቁማሉ። ተወልደው ያደጉበት አገር ነዋ፤ አንድም አልሳቱ። እኔ እዚያ ቤት ሙሉ ነጥብ አግኝቼ አላውቅም።

ጋሽ ጉዞ ቀና ሲሉ አዩኝ። አዛውንቱን አዩ፤ እንደገና እኔን አዩ።

"አንተ የት ነበርክ?"

"እዚያው ነኛ፣ ጋሼ። ሐይቁ ጋ።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። ተነስተው መጡና ከትከሻዬ ላይ የጎመን ቅጠል አንድ በአንድ ለቀሙልኝ። እኔም መንገድ ላይ የደረደርኩትን ሁሉ ዋጥ አደረግሁት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አዛውንቱን ሐይቁ ዳር አስቀምጣ ለጉዳይዋ ሄዳ የነበረችው ልጃቸው፣ አባቴ ጠፋ ብላ ለፖሊስ አመልክታ ኖሯል። ያን ዕለት ማታውኑ በሰላም ቤታቸው ቢገቡም ወሬው ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ርዕሰ መምህርቷ ጉዳዩን ልትሰማ ለቀጣዩ ሳምንት ቀጠረች። ሰው የሚጠፋበት መምህር ውሉ አይታደስለትም አለች፤ ከነሻንጣው ወደ አገሩ ይመለሳል። ጋሽ ጉዞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ቆጥረው ሲያስረክቡ ኖረው፣ በመጨረሻው የሚተርፋቸው ስም "ሰው ጠፋበት" ሊሆን ነው።

በመካከሉ ያለችው ቅዳሜ መጣች። ማንም አላንኳኳም። ስመኘው የኖርኩት ዕረፍት ይኸው በእጄ ገባ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ወደ ኮሪደሩ ብቅ ስል የስፖርት መምህሩ ጫማውን አስሮ ቆሟል። "የትም ልሄድ አይደለም" አለኝ ሳልጠይቀው። ትንሽ ቆይታ የኬሚስትሪ መምህሯም ወጣች፤ ኮፍያዋን በእጇ ይዛለች። ሄደን የጋሽ ጉዞን በር አንኳኳን።

"ጋሼ፣ ዛሬ አንወጣም እንዴ?" አለቻቸው።

"ሂዱ ልጆቼ፣ ዕረፉ" አሉ ከውስጥ።

ሰኞ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ተሰበሰብን። አዛውንቱ ከነልጃቸው መጥተዋል፤ ኮፍያዬንም ደፍተውት ነው የመጡት። ልጅቷ በምናስተምርበት ቋንቋ ቆጣ ብላ የሆነውን ተናገረች። ከዚያ አዛውንቱ ዕድል ተሰጣቸው። የኬሚስትሪ መምህሯ የአገሩን ቋንቋ ከገበያ ለቃቅማ ስለያዘች፣ ያሉትን በጆሯችን ትተረጉምልን ነበር።

"ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ልጄ በየሳምንቱ እዚያ ወንበር ላይ ታስቀምጠኛለች" አሉ። "አልፈርድባትም፤ ሥራ አለባት። ሰው በፊቴ ያልፋል፣ ሰው ይመለሳል። ተነስ፣ ና፣ የሚለኝ የለም። ይህ ሰውዬ አጨበጨበ። ለእኔ ይሆናል ብዬ ተነሳሁ።" ቆም አሉና "እንቁላልም ሰጥተውኛል" ብለው ጨመሩ።

ልጃቸው መሬት መሬት ታይ ጀመር። ርዕሰ መምህርቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ይህስ ይሁን፣ ግን መምህር ሐይቅ ዳር ጥሎ መምጣቱስ አለች። ይህኔ እኔ ተነሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ዋሽቼ አላውቅም። የቀረሁት በራሴ ፈቃድ ነው አልኩ። ሐይቁን ብቻዬን ላየው ፈልጌ፣ ጋሽ ጉዞን በትሕትና አስፈቅጄ፣ እሳቸውም ብዙ ካመነቱ በኋላ ፈቅደውልኝ ነው አልኩ። ርዕሰ መምህርቷ ፊቷ ፈካ፤ ነገሩ ሊያልቅ ነው።

ጋሽ ጉዞ ከወንበራቸው ተነሱ።

"ይዋሻል" አሉ። "ፈቃድ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም አልፈቅድለትም ነበር። ኮፍያውን ቆጥሬ፣ ሰውየውን ሳላይ፣ ጥዬው መጣሁ። ሰው ጠፋብኝ።"

ተመልሰው አልተቀመጡም። ያማረ ውሸቴን እንዲህ ስላፈረሱብኝ በአንድ በኩል በገንኩ፣ በሌላ በኩል ተነስቼ ላቅፋቸው ዳዳኝ። ርዕሰ መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች።

"እንግዲያው በእርግጥ ጥለውህ ሄደዋል። ቅሬታ አለህ?"

"አለኝ" አልኳት። ጋሽ ጉዞ አንገታቸውን ደፉ። "ባለፈው ቅዳሜ የትም አልወሰዱንም።"

ርዕሰ መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ አዛውንቱ ልጅ ዞረችና፣ አንቺስ ሌላ የምትዪው አለሽ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ አባቷን አየች፣ ጋሽ ጉዞን አየች። "ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?" አለች።

ውሉ ታደሰ። ርዕሰ መምህርቷ አንድ ግዴታ ብቻ አስገባች፤ ጋሽ ጉዞ ከእንግዲህ ሲቆጥሩ ፊት ፊታችንን እያዩ ነው። እሳቸውም ትንሽ ከተከራከሩ በኋላ ተቀበሉ።

ከቢሮው ስንወጣ የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ኮሪደሩ በተማሪ ተጨናንቋል። ጋሽ ጉዞ አላመሰገኑኝም፤ እንዲያመሰግኑኝም አልጠበቅሁ። የኮቴን እጅጌ ጭምድድ አድርገው ያዙና፣ በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል እየመሩኝ ወደ መምህራን ክፍል ይወስዱኝ ጀመር። ተማሪዎቼ እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጄን ነጠቅ አድርጌ ኮስተር እል ነበር። ያን ዕለት ግን እጅጌዬን ለመያዝ እንዲመቻቸው ጠጋ አልኳቸው።