ከሊባኖስ ተራራ ያመጣሁት የምሥራች

ሐበሻ መንገደኛ ነው እንጂ ጎብኚ አይደለም። ለለቅሶ ይሄዳል፣ ለሠርግ ይሄዳል፣ ለጠበል ይሄዳል፤ ተራራ ለማየት ብሎ ከቤቱ የወጣ ሐበሻ ካለ ግን ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ ጤና ጎድሎታል። እኔ ሦስተኛ ምክንያት ጨመርኩበት፤ የአሜሪካ ፓስፖርት በያዝኩ በዓመቱ ጎብኚ መሆን አማረኝ።

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ታክሲ ድራይቭ አደርጋለሁ። አገሩ ተራራ የሚባል አያውቅም፤ በርንስቪል ያለችዋን አንዲት ጉብታ እንኳ ሰው ተሰልፎ በረዶ ይንሸራተትባታል። ባለቤቴ ስንዱ ዌስት ሴንት ፖል በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እዚያ የምትንከባከባቸው አንዲት ሊባኖሳዊት አሮጊት ስለ መንደራቸው ተራራ ሳያወሩላት አይውሉም ነበር፤ ዝግባው፣ ወይኑ፣ ምንጩ። በዚያ ላይ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የእኛ መነኮሳት በዚያው ተራራ ሸለቆ ዋሻ ውስጥ ይኖሩ እንደነበር የሆነ ቦታ አነበብኩ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ? ተፈጥሮም፣ ቅርስም፣ ዘመድም በአንድ ተራራ! ቫኬሽናችንን አገጣጥመን ትኬት ቡክ አደረግሁ።

ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ስንዱን በር ላይ ስታያት የሠራተኛ መግቢያ በጓሮ በኩል ነው ብላ በጣቷ ጠቆመቻት። ፓስፖርታችንን ሳወጣ ፊቷ እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ ይቅርታውም ፍራፍሬውም ተግተለተለ። እኔ ሳቅሁ። ስንዱ አልሳቀችም።

በማግስቱ ቁርስ ያቀረበችልን ልጅ ሻይ እየቀዳች፣ ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም በሚባል ሁኔታ «ሐበሻ ናችሁ?» አለችን። ከድጃ ትባላለች፤ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። እኔ ጎብኚው ምን ብዬ ብጠይቃት ጥሩ ነው? ዝግባዎቹን አይተሻቸዋል ወይ!

«በመስኮት» አለችኝ።

ኮንትራቷ ካለቀ ቆይቷል። ፓስፖርቷ የማረፊያው እመቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ከግቢ አትወጣም። ለእናቷ ስትደውል እመቤቲቱ አጠገቧ ትቆማለች፤ አማርኛ ባትሰማም ለቅሶ ትሰማለችና፣ ልጅቱ «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች።

ስንዱ ሹካዋን አስቀመጠች። «ይዘናት እንሂድ፤ ቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እናድርሳት» አለች። እኔ ሰበብ መቼ አጥቼ አውቃለሁ? የሰው አገር ነው፣ ሕጉን አናውቅም፣ መኪናው የኛ ሳይሆን የአስጎብኚያችን ነው አልኩ። ደግሞም ዛሬ ዋሻውን ልናይ ነው አልኩ። ይህችን የመጨረሻዋን ባልጨምራት ምን ነበረበት?

ከድጃ ክርክራችንን ሰምታ ልመናዋን አሳነሰችልን። በናፕኪን ላይ የእናቷን ጎረቤት ሱቅ ስልክ ጻፈችና «እሺ፣ እንግዲያውስ ለእናቴ እውነቱን ይንገሩልኝ ጋሼ። የላከኝን ደላላ ይዛ ታስመልሰኝ» አለችኝ። በሚካኤል ስም ማልኩላት።

ተራራው አላሳፈረኝም። ጫፉ ላይ በረዶ፣ ከሥሩ በለስና ወይን፣ ገደሉ ላይ የተለጠፉ የድንጋይ ገዳማት። አስጎብኚያችን ሽበታም ደግ ሰው ነበር፤ ዋሻው ውስጥ አስገብቶ የደበዘዘ የግድግዳ ጽሑፍ አሳየንና «የእናንተ ሰዎች እዚህ ኖረዋል» አለን። እንባዬ መጣ። ወገኖቼ በሰው አገር፣ በዋሻ! እንባዬ ሳይደርቅ ፎቶ እንድታነሣኝ ካሜራውን ለስንዱ ሰጠኋት። ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሪችፊልድ ወዳለው ቤታችን እንደተመለስን ደወልኩ። ባለሱቁ የከድጃን እናት አስጠራልኝ። መስመሩ ያስተጋባል፤ የራሴ ድምፅ ተመልሶ ጆሮዬን ይደበድበኛል።

«ልጄን አየሃት? በዓይንህ አየሃት?» አሉኝ። «ደህና ናት?»

«ደህና ናት እናቴ» አልኩ።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ውሸት ደግሞ ብቻዋን አትሄድም፤ አየሩን ጨመርኩ፣ ምንጩን ጨመርኩ፣ ዝግባውን ጨመርኩ። ልጃቸው ያላየችውን ተራራ ለእናቷ አንድ በአንድ አስጎበኘኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «ታናሽ እህቷም ልላክ ስትለኝ ሰው እያስፈራራኝ ከልክዬ ይዣት ነበር። አላህ ይስጥህ የኔ ጌታ፣ አሁን ለደላላው እሺ እለዋለሁ።» መስመሩ ተቋረጠ።

«ምን አሉ?» አለችኝ ስንዱ።

«በጣም ተደሰቱ።»

«ምኑ ነው የሚያስደስታቸው?»

ነገርኳት። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አንሥታ እጄ ላይ አኖረችውና «ደውል» አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ መስመሩ እምቢ አለ። በአራተኛው ቀን ከፉጨትና ከጩኸት መሀል የእናትየውን ድምፅ ሰማሁ። ሰላምታም አላስቀደምኩ፤ ፓስፖርቱን፣ የተቆለፈውን ቁም ሣጥን፣ የመስኮቱን ነገር ሁሉ አፈሰስኩት። ታናሿን እንዳይልኩ በእግዜር ስም ለመንኳቸው።

ከዚያ «አንተ ማነህ?» አሉኝ።

«የአሜሪካው ነኝ፣ ባለፈው የደወልኩት።»

«ወላሂ ውሸትህን ነው!» አሉ። «ያ ጨዋ ሰው በዓይኑ አይቷት መጥቶ ደህንነቷን ነግሮኛል። አንተ የሰው ልጅ ሲያልፍለት ዓይንህ የሚቀላ ምቀኛ ነህ፤ ደግሞ እሱን ነኝ ማለትህ!»