የክቡር ላቬል ፕሩዊት ግማሽ

አላባማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ሦስት ቤተ ክርስቲያንና አንድ ጡረታ የወጣ የአሜሪካን ፉትቦል ጀግና አታጣም። ከአራቱ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ጀግናው ነው። የእኛው የሄዝልግሮቩ ክቡር ላቬል ፕሩዊት ይባላሉ፦ ቁመታቸው ጉበን የሚነካ፣ ሁለቱም ጉልበታቸው ብረት የገባበት፣ ምላሳቸው ግን እስከ ዛሬ አንድም ጉዳት ያልደረሰበት።

ክቡርነታቸው በተከላካይነት በቆዩባቸው አራት ዓመታት ሦስት ቡድን ቀያይረዋል፤ እሳቸው እንደሚሉት ቡድኖቹ ስለተሻሙባቸው ነው። ሥራቸው አንድ ነበር፦ ኳስ የያዘው ወርዋሪ ከመወርወሩ በፊት ደርሶ መሬት ላይ መዘረር። በአራት ዓመት የዘረሩት ሁለት ሰው ተኩል ነው። ሁለት ተከላካዮች አንዱን ወርዋሪ አብረው ሲጥሉ መዝጋቢው ግማሽ ግማሽ ያካፍላቸዋላ። የሌላኛው ግማሽ ባለቤት የቡድን ጓደኛቸው ሮስኮ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ክሌተስ ይህን ታሪክ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ሰምቷል። ላቬል ራሰ በራ ከሆኑ አሥር ዓመት ቢያልፋቸውም ቅዳሜን ቀርተው አያውቁም። ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ፎጣው አንገታቸው ላይ እንደታሰረ፣ "የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ሮስኮ የደረሰው ለቀብሩ ነው" ብለው ይጀምራሉ። ተላጭቶ ሊወጣ የተነሳውን ደንበኛ አስቁመው አጣጣሉን በተግባር ያሳዩታል። አንድ የኢንሹራንስ ሻጭ በዚሁ ማሳያ ጥርሱ ተነቃንቆ ሄዷል። በአማታቸው ቀብር ላይ የሕይወት ታሪኳን እንዲናገሩ መድረክ ሲሰጣቸውም፣ ሟቿን በሁለት ደቂቃ ጨርሰው ሜዳ ገቡ። ግማሿ ሙሉ ትሁንልኝ ብለው ለመዝጋቢዎቹ በየዓመቱ ይጽፋሉ፤ በየዓመቱ የምስጋና ካርድ ይደርሳቸዋል።

ባለፈው መስከረም ሮስኮ ሞቢል ከተማ ውስጥ መጦሪያ መግባቱን ሰሙ። ክሌተስ ያዝናሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው የጨዋታውን ቪዲዮ ታብሌት ላይ አስጭነውና "የጣለው ላቬል ብቻውን ነው" የሚል የማመኛ ወረቀት አስተይበው መጡ። ሮስኮ በሕይወት እያለ፣ ምስክር ባለበት መፈረም አለበት። ጉልበታቸው መኪና ስለማያስነዳቸው ሾፌሩም ምስክሩም ክሌተስ ሆነ።

ሮስኮን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ አገኙት። ዕድሜው ገና ሃምሳ ስድስት ነው። ሚስቱ በር ላይ አስቁማ ቀስ ብላ ነገረቻቸው፤ በየእሑዱ ሰው ቆሞ ያጨበጨበለት ያ የጭንቅላት ግጭት አእምሮውን በልቶታል። እሷንም ነርስ እየመሰለችው በየጠዋቱ ያመሰግናታል።

ላቬል ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥተዋልና ቪዲዮውን ከፈቱ። ሁለት ግዙፍ ወጣቶች ወርዋሪውን ከግራና ከቀኝ መጥተው አነጠፉት። ሮስኮ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ማነው እሱ?" አለ፣ ታብሌቱን በጣቱ እየነካ።

ጣቱ ያረፈው ላቬል ላይ ነበር። ቀድመው የደረሱትም በእርግጥ እሳቸው ነበሩ፤ ክሌተስ በዓይኑ አየ። ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

"አንተ ነህ" አሉት ላቬል። "ብቻህን ነው የጣልከው። እኔ ዘግይቼ ነው የመጣሁት።"

"ብቻዬን?"

"ብቻህን፣ ወንድሜ።"

ሮስኮ ሳቀ። ድገመው አላቸው። አሥራ አንድ ጊዜ ደገሙለት፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ አጨበጨቡለት።

በመልሱ መንገድ ላቬል ሰማንያ ማይል ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። ክሌተስ ይህን ጸጥታ ሃያ ሁለት ዓመት ሲመኘው ኖሯል፤ አሁን ሲያገኘው ግን አስጨነቀው። ሬዲዮ ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። ስለ ዝናቡ አነሳ፣ የሚመልስለት የለም። በመጨረሻ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ።

"እስቲ ሰውየውን እንዴት እንደጣልከው ንገረኝ" አላቸው።

ላቬል ዞር ብለው አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ለማሳየት እንደማይመች ተናግረው ቀበቶአቸውን ፈቱና ወረዱ፤ ክሌተስም መነጽሩን አውልቆ ተከተላቸው።